ባርኔጣው ሳይዞር የሄደ ካሜራ

ባለፈው ነሐሴ ኤድንብራ ውስጥ ወደ አራት ሺህ የሚጠጋ ፎቶ አነሳሁ። ሰው የወደደልኝ ግን አንዱን ነው። አንዲት ሴት ምንም ያልደገፈው ረጅም መሰላል ጫፍ ላይ ቆማለች፤ ሦስት የሚነዱ ችቦዎች ከእጇ ወጥተው አየር ላይ ናቸው። ሰማዩ ዝናብ ያረገዘ ስለነበር እሳቱ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ከኋላዋ የሴንት ጃይልስ ካቴድራል ዘውድ መሳይ ጉልላት ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ሌላ ምንም የለም። ሰው የለም፣ መንገድ የለም፣ የሱቅ ማስታወቂያ የለም። የተመሰገንኩትም በዚሁ ነበር፦ «እንዴት አጽድተህ አወጣኸው!»

ማታ ላይ አንድ የሰፈሬ ልጅ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ጻፈልኝ።

«አሪፍ ናት። ማን ትባላለች?»

«አላውቅም።»

«ትርዒቱን አላየኸውም እንዴ?»

«አይቻለሁ እንጂ።»

«ስሙን አሥር ጊዜ ሳይጮህ የሚጨርስ የመንገድ ሰርከሰኛ እኔ አይቼ አላውቅም» አለኝ።

ይሄ ልጅ ዝም ብሎ አይደለም የሚናገረው። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ጅማ፣ መቀሌና ናዝሬት ከሄደ በኋላ፣ በየሰፈሩ ትንንሽ የልጆች ሰርከሶች በቅለው ነበር፤ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። እሱ ከነዚያ በአንዱ ያደገ ነው። ከእኔ በጥቂት ዓመት ስለሚበልጥ፣ እኔ ፊደል ስቆጥር እሱ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ በሳሳ ፍራሽ ላይ ይገለባበጥ ነበር። ስለሱ እመለሳለሁ።

እኔ ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ የተማርኩትም ኢንጂነሪንግ። ሰው ሲጠራጠረኝ ቶሎ የምሮጠው ወደ ዳታ ነው። እንደምታውቁት እያንዳንዱ ዲጂታል ፎቶ የተነሳበትን ሰከንድ በውስጡ ይዞ ይኖራል። ሃያ መስመር የማትሞላ የፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩና አራት ሺዎቹን ፎቶዎች በሰዓታቸው ደረደርኳቸው። ግራፉ የመርፌ ማስቀመጫ ይመስላል፦ ረጅም ባዶ፣ ከዚያ ቀጥ ያለ መርፌ፣ እንደገና ረጅም ባዶ። እያንዳንዱ መርፌ አንድ ትርዒተኛ ነው። የሷን መርፌ ጠጋ ብዬ አየሁት። ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ መጨረሻው ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። ትርዒቷ አርባ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ማለትም ለጓደኛዬ የዋሸሁት ሳላውቀው ነው። አላየሁትም። እሳቱ ሲነሳ ከሩቅ አይቼ፣ ረጅሙን ሌንስ ከሰው ጭንቅላት በላይ አውጥቼ፣ ሰባ ጊዜ ያህል ተኩሼ ሄጃለሁ።

አንድ ሌላ ነገርም ልናገር፤ ካልተናገርኩት ይሄን ጽሑፍ መጻፌ ራሱ ትርጉም የለውም። ዋናው ፎቶ ላይ ከመሰላሉ ጫፍ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወርዱ ቀጫጭን ገመዶች ነበሩ። ሰማዩን አቆሸሹብኝ። በሶፍትዌር አጠፋኋቸው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። «ምንም ያልደገፈው» ያልኳችሁ መሰላል ታዲያ ያልተደገፈው በእኔ ኮምፒውተር ላይ ነው።

በማግስቱ ካሜራዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ሃይ ስትሪት ተመለስኩ። ለማታውቁት፦ የኤድንብራ ፍሪንጅ እ.ኤ.አ. በ1947 የተጀመረው፣ ስምንት የቲያትር ቡድኖች ያልተጋበዙበት ትልቅ ፌስቲቫል ላይ ራሳቸው መጥተው ዳር ዳሩን ትርዒት ስላሳዩ ነው። ዛሬ ነሐሴ ላይ ከተማዋን ይውጣታል። የመንገድ ትርዒተኞቹ ደግሞ የዚያ ያለ ግብዣ የመምጣት ነገር የመጨረሻ ወራሾች ይመስሉኛል። ትኬት አይሸጡም። ፌስቲቫሉ አይከፍላቸውም። ጠዋት ተሰብስበው ዕጣ ያወጣሉ፤ ዕጣው ጥሩ ሰዓት ከሰጣቸው ጥሩ፣ ካልሰጣቸው ዝናብ ውስጥ ለሦስት ቱሪስት ይጮኻሉ።

እሷ የዚያን ቀን ጥሩ ሰዓት ደርሷት ነበር። ስትጀምር ግን ማንም አልነበረም። መሬት ላይ ወፍራም ገመድ በክብ ዘረጋች፣ ገመዱ አጠገብ ቆመች፣ ከዚያ ለሁለት ልጆችና ለአንዲት እናታቸው ብቻ ማውራት ጀመረች። ልጆቹን ገመዱ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። ምንም ሳታሳይ «አጨብጭቡ፣ የሆነ ትልቅ ነገር እንዳያችሁ አድርጋችሁ ጩሁ» አለቻቸው። ጮኹ። በጩኸቱ አሥር ሰው ዞረ። ከአሥሩ ስድስቱ ቆሙ። ከዚያ ያለቻቸውን በደንብ አዳመጥኩ፦ ሦስት እርምጃ ወደፊት ቅረቡ። ለምን? በሷና በሰዉ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሰው ያመልጥበታል። የቀረበ ሰው ከኋላው ሌላ ሰው ይቆምበታል፤ ከኋላው ሰው የቆመበት ደግሞ በቀላሉ አይሄድም።

ይሄን ለሃያ አምስት ደቂቃ ሠራች። ቆጥሬያለሁ። በነዚያ ሃያ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ከሰርከስ የሚቆጠር ነገር የሠራችው ምናልባት አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረው ሁሉ ሰው መሰብሰብ ነበር፦ ሲያልፍ የቆመውን ነጋዴ መሳይ ሰውዬ ማሾፍ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ሲሰማ ዝም ብሎ መጠበቅ፣ አምቡላንስ ሲያልፍ ትርዒቷን አቁማ ለአምቡላንሱ ማስጨብጨብ። ስሟንም አዎ፣ ጓደኛዬ እንዳለው፣ ደጋግማ ጮኸች፤ ሰዉንም አስጮኸችው። ከዚያ አራት ሰዎች ከክቡ መርጣ አወጣች። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ገመድ ሰጠቻቸው። እነዚያ ገመዶች!

አራት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንዷ ሴትዮ የገበያ ፌስታል ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ መሰላሉን ከአራት አቅጣጫ ወጥረው ያዙ። እሷ ወጣች። ጫፉ ላይ ሆና፣ ችቦዎቹ ገና ሳይለኮሱ፣ ስለ ባርኔጣው ተናገረች። ሁልጊዜ ከመጨረሻው ትርዒት በፊት ነው የሚነገረው፤ ምክንያቱም ከመጨረሻው በኋላ ሰው እግሩን ነው የሚያነሳው። ይሄ ሥራዬ ነው፣ የምኖርበት ነው፣ ካልከፈላችሁም አትሸሹ፣ መጥታችሁ ሰላም በሉኝ አለች። በዚህ ሁሉ መሃል የአዳም ስሚዝ ሐውልት ከላይ ሆኖ ያያል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 እዚያው መንገድ ላይ የቆመ። የገበያን ነገር የጻፈ ሰው በየነሐሴው ሸቀጡ መጀመሪያ ተበልቶ ዋጋው በኋላ በገዢው ፈቃድ የሚወሰንበት ንግድ ፊት ለፊት ይውላል።

ከዚያ እሳቱ። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ፣ ትንሽ ቢያንስ ቢበዛ።

እና ምን ልበላችሁ፣ እሳቱ የትርዒቱ ደካማ ክፍል ነው። ሦስት ችቦ የሚቀልብ ሰው በዚያ መንገድ ላይ በየመቶ ሜትሩ አለ። እሷን እሷ የሚያደርጋት ከምንም ተነስታ ሦስት መቶ ሰው በክብ ማቆሟ ነው። የእኔ ፎቶ ያንን ሦስት መቶ ሰው፣ አራቱን ገመድ ያዦች፣ ሃያ አምስቱን ደቂቃና ስሟን በሙሉ ቆርጦ ጥሎ፣ ማንም ሊሠራው የሚችለውን ነገር «ድንቅ ቅጽበት» ብሎ አስቀረ።

የእኔ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የብሪታንያ ጋዜጦች በየዓመቱ ነሐሴ የሚያወጧቸውን የፍሪንጅ ፎቶዎች ተመልከቱ። እሳት የሚተፋ፣ በጭንቅላቱ የቆመ፣ ብር ተቀብቶ እንደ ሐውልት የደረቀ። ሰማይ ከኋላ። ከሥር «የመንገድ ትርዒተኛ፣ ሮያል ማይል» ይላል፤ ስም እምብዛም የለም። የፎቶ አስተማሪዎች ሁሉ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር «ጀርባውን አጽዳ፣ ሰውዬውን ነጥለህ አውጣ» ነው። ለአበባ ይሠራል። ለሙሽራም ይሠራል። ሥራው ሰው መሰብሰብ ለሆነ ሰው ግን መነጠል ማለት ሥራውን መንጠቅ ነው። በእኛ ሙያ የሌላ ሰው ኮድ በነፃ ስንወስድ እንኳ፣ ለምሳሌ ኤምአይቲ በሚባለው ፈቃድ፣ የምንጠየቀው የሠሪውን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ እንዳናጠፋ ብቻ ነው። በጣም ልቅ ከሚባሉት ፈቃዶች አንዱ ይሄ ነው፤ እኔ ያንን እንኳ አላሟላሁም። እዚህ አገር ሕዝብ መሃል ፎቶ ማንሳት ባጠቃላይ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ሕጉ ከእኔ ጋር ነው። ሕጉ ከእኔ ጋር መሆኑ ግን ፎቶውን ጥሩ አያደርገውም።

ካሜራውን ወዴት ማዞር እንዳለበት የገባቸው ሰዎች ድሮም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1937 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ዘውድ ሲጭን ኦንሪ ካርቲዬ-ብሬሶን ለአንድ የፈረንሳይ ጋዜጣ ሊያነሳ ለንደን ሄዶ፣ ጀርባውን ለንጉሡ ሰጥቶ ሊያይ የወጣውን ሰው አነሳ። አንዱ ፎቶ ላይ ሰዎች ግንብ ላይ ተሰልፈው ተቀምጠው አሻግረው ያያሉ፤ ከሥራቸው አንድ ሰውዬ መሬት ላይ በተበታተነ ጋዜጣ መሃል ተኝቷል። ንጉሡ የለም፤ ግን ንጉሥ ማለት ምን እንደሆነ ከማንኛውም የዘውድ ፎቶ የበለጠ ይታያል። ዊጂ ደግሞ በ1941 ብሩክሊን ውስጥ ሰው ተገድሎ ሲደርስ፣ የሟቹን ዘመድና ሊያዩ የሚጋፉትን የሰፈር ልጆች አንስቷል። ከልጆቹ መሃል የሚስቅ አለ። ሬሳው ፍሬም ውስጥ የለም። ሁለቱም ከትርዒት ጋር አይገናኙም ትሉኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ስለ ትርዒት የተነሱ ምርጥ ፎቶዎች ናቸው እላለሁ፤ ማየት ራሱ ምን እንደሚመስል ያሳያሉ።

ሜሪ ኤለን ማርክ ሌላ መንገድ ሄደች። በ1989 እና በ1990 ሕንድ ውስጥ ሰርከስ ስታነሳ፣ የሚያስጨበጭበውን ቅጽበት ብዙም አልፈለገችውም። ከድንኳኑ ጀርባ፣ በልምምድና በዕረፍት ሰዓት ነው ያለችው። አህመዳባድ ላይ ያነሳችው የዝሆኑ ፎቶ ዝነኛ ነው፤ ዝሆኑ ኩምቢውን በሰውዬው አንገት ላይ እንደ ሻሽ ጠምጥሞታል። ርዕሱ ላይ የሰውዬው ስም አለ። የዝሆኑም ስም አለ! እኔ ለሰው ያልሰጠሁትን እሷ ለዝሆን ሰጥታለች።

እዚህ ላይ ግን ራሴን መሞገት አለብኝ፤ ምክንያቱም ከምወዳቸው የኢትዮጵያ ፎቶዎች መካከል ሰውን ከአካባቢው ነጥለው ያወጡ አሉ። የግርማ በርታን «ሙቪንግ ሻዶስ» የማያውቅ ካለ ፈልጎ ይይ። አዲስ አበባ ጎዳና ላይ በስልኩ ያነሳቸውን ሰዎች ከነጥላቸው ቆርጦ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ያቆማቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም ሽልማት ያገኘበት ሥራ ነው። እሱ ሲያጸዳ ያስመሰግናል፣ እኔ ሳጸዳ ያስወቅሳል? አዎ፣ ይመስለኛል። ግርማ የሚያነሳው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በየቀኑ አጠገቡ አልፈነው የማናየው ሰው ነው። ተሸካሚ፣ ሻጭ፣ መንገደኛ። ግርግሩ ውስጥ የጠፋ ሰው ነውና ግርግሩን ማንሳት ሰውየውን ይመልስልናል። የመንገድ ትርዒተኛ ግን በግርግሩ የጠፋች ሳትሆን ግርግሩን ራሷ የሠራች ናት። አንዱ መቀስ እዚያ ያወጣል፣ እዚህ ይገድላል። (ጥላውን አለመቁረጡን ደግሞ ልብ በሉ። እኔ ገመዱን ቆርጫለሁ።)

ይሄ ነገር ለእኛ አዲስ መሆን አልነበረበትም። አዝማሪ አይተናላ። ማሲንቆ የያዘ ሰው ብቻውን በጥቁር ጀርባ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፤ ይሄ ፎቶ በየሆቴሉ ኮሪደርና በየአየር መንገዱ መጽሔት ላይ አለ። ቆንጆ ነው፤ ግን አዝማሪ ያ አይደለም። አዝማሪ ማለት ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰውዬ ነው፤ «ተቀበል» ብሎ ግጥም የሚወረውረው፣ የሚሰደበውና ሲሰደብ የሚስቀው፣ ወርቁ ዘግይቶ ሲገባው ጠረጴዛ የሚመታው፣ ተነስቶ ግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፍለት። ማሲንቆው አንድ ጅማት ነው ያለው፤ ሌላው ጅማት አድማጩ ነው ብል ጓደኞቼ «ገጣሚ ሆንክ» ብለው ይስቁብኛል፣ ግን ሌላ መግለጫ አላገኘሁለትም። ብር የሚለጥፈው እጅ የሌለበት የአዝማሪ ፎቶ ግማሽ ፎቶ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ስለ ስክሪፕቱና ስለ ግራፉ ስነግረው ብዙ ሳቀ። ከዚያ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ከዓመታት በፊት ከአንድ የጉዞ ድረ ገጽ ላይ አግኝቶ ያስቀመጠው ነው። አንድ ልጅ በእጁ ቆሟል፣ ጀርባው እንደ ቀስት ታጥፎ እግሮቹ ከጭንቅላቱ ፊት ወርደዋል። ከኋላው ቆርቆሮ አጥር። ፊቱ አይታይም። ከሥሩ የአገራችን ስምና «ልጅ አክሮባት» የሚል ብቻ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«በምን አወቅክ?»

«በካልሲው። አንዱ የእህቴ ነበር።»

በልጅነቱ ስንት ጊዜ ፎቶ እንደተነሳ አይቆጥረውም፤ የውጭ እንግዳ ሲመጣ ሁሌ ይነሳሉ። እጁ ላይ ያለው ግን ይሄ አንድ ነው፣ እሱንም በአጋጣሚ ነው ያገኘው። አልተናደደም። ያለኝ እንዲህ ነው፦ «ከእኔ ሥር የሚይዙኝ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ እንዳልወድቅ። አንዱ አሁን የለም። ፎቶ አንሺው ዝቅ ቢል ኖሮ እሱም ይወጣ ነበር።»

ምን እንደምመልስለት አላወቅኩም። ገመዶቹን ማጥፋቴን ያን ጊዜ አልነገርኩትም፤ ይሄን ሲያነብ ነው የሚያውቀው።

ፌስቲቫሉ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ትርዒቷ ከመጀመሩ በፊት ሄጄ አናገርኳት። ፎቶውን አሳየኋት፣ ገመዶቹን እንዳጠፋሁም ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ አየችው። «እንግዲህ በአስማት ነው የቆምኩት ማለት ነው» አለችና መለሰችልኝ። ተቆጥታ ይሁን ቀልዳ እስካሁን አላውቅም። ከጀርባዋ ሆኜ ትርዒቱን በሙሉ ማንሳት እችል እንደሆነ ጠየቅኳት። ዕቃዎቿ አጠገብ አንድ ቦታ አሳየችኝ፣ መሰላሉን እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ፣ ባርኔጣው ሲዞር ደግሞ ወይ ካሜራውን እንዳወርድ ወይ እንድከፍል። የትኛውን ብዬ ስጠይቃት «ሁለቱንም» አለችኝ። ስሟን ፎቶው ሥር ጽፌዋለሁ፤ እዚህ ያልጻፍኩት ለዚህ ጽሑፍ ስላልጠየቅኳት ነው።

ሃያ ስምንት ሚሊሜትር ሌንስ ገጠምኩ፤ ሰፊ ነው፣ ምንም አያጸዳም። ከሃያ ምናምን ፎቶ አንዱን መረጥኩ። ቴክኒኩ ደካማ ነው። የሷ ጀርባና የመሰላሉ እግር ፊት ለፊት ተደንቅረዋል፣ ፎከስ ውስጥም የሉም። ችቦዎቹ ከፍሬሙ ውጭ ናቸው፤ ያሉት በሰዉ ፊት ላይ ባረፈው ብርቱካናማ ብርሃን ብቻ ነው። ግን ሰዉ አለ። ልጁን ትከሻው ላይ የተሸከመ አባት አፉን ከፍቷል፣ ልጁ ግን የሚያየው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ጎረምሳ ስልኩን ከፍ አድርጎ በስክሪኑ ነው የሚያየው። በግራ በኩል ገመዱን የያዘው ሽማግሌ ጥርሱን ነክሷል፣ ሕይወቷ በእሱ እጅ ያለ ይመስል፤ ደግሞም በከፊል በእሱ እጅ ነው። ዳር ላይ አንዲት ሴትዮ የቦርሳዋን ዚፕ ይዛለች።

ይሄኛውን ሰው አልወደደውም። «ብዙ ነገር በዛበት» አሉኝ። ለሰፈሬ ልጅ ላክሁለት። ብዙ ጊዜ ሳይመልስ ቆየ፤ ሲመልስ ስለ ብርሃኑም ስለ ትርዒተኛዋም አልጠየቀኝም።

«ዳር ላይ ያለችው ሴትዮ ቦርሳዋን እየከፈተች ነው እየዘጋች?»

አጉልቼ አየሁት። ከፎቶው አይታወቅም። በኋላ ምን እንዳደረገችም አላየሁም፤ ባርኔጣው ሲደርስ እኔም ካሜራዬን አውርጄ ሳንቲም እየፈለግኩ ነበር።